ተማሪዬ "ጠቅላይ ሚኒስትሩን ለምን በቀጥታ አንመርጥም?" አለችኝ። ምን ልመልስላት?

መምህርት፣ ከየካ አባዶ

ሰላም ለሁላችሁም። የካ አባዶ አካባቢ 10ኛ ክፍል የዜግነት ትምህርት አስተምራለሁ። ትናንት አምስተኛ ክፍለ ጊዜ ላይ ሰሌዳው ላይ ሁለት ሥዕል ሳልኩ። በግራ በኩል ከሕዝብ በቀጥታ ወደ ፕሬዚዳንት የሚሄድ ቀስት፤ ይሄ ኬንያ ነው። በቀኝ በኩል ከሕዝብ ወደ ምክር ቤት፣ ከምክር ቤት ወደ ጠቅላይ ሚኒስትር፤ ይሄ እኛ ነን።

አንዲት ልጅ ከኋላ ወንበር እጇን አወጣች። "ቲቸር፣ የነሱ አንድ ቀስት ነው፣ የኛ ሁለት። ታዲያ የነሱ አይሻልም?"

ጠመኔውን እንደያዝኩ ቆምኩ። የፓርላሜንታዊ ሥርዓትን ትርጉም ደገምኩላት። መልስ እንዳልሆነ ግን እሷም ገብቷታል፣ እኔም። ደወል ተደወለ። ሐሙስ እንደገና እገባለሁ። ልጅቷን በቃላት ጋጋታ መሸኘት አልፈልግም፤ እባካችሁ የምታውቁትን አካፍሉኝ።

ከናይሮቢ የተመለሰ

እህቴ፣ ኢስሊ ብዙ ዓመት ሠርቻለሁ። በነሐሴ 2014ቱ ምርጫ እዚያው ነበርኩ። ኬንያዊቷ ጎረቤቴ ጣቷን ቀለም ተቀብታ መጣች። ስድስት ወረቀት ነው የሞላችው፦ ለፕሬዚዳንት፣ ለካውንቲው ገዢ፣ ለሴኔት፣ ለፓርላማ፣ ለሴቶች ተወካይ፣ ለካውንቲው ምክር ቤት። ስለ ፕሬዚዳንቱ ብዙም አላወራችም። ስታወራ ያመሸችው ስለ ሰፈሯ ተመራጭ ነበር፤ ቤቱን ታውቀዋለች።

ያ አንድ ቀስት ደግሞ ቀላል አይደለም። ከግማሽ በላይ ድምፅ ማግኘት ብቻ አይበቃም። ከ47ቱ ካውንቲዎች ቢያንስ በ24ቱ 25 በመቶ ማግኘት አለበት። የራሱን አካባቢ ብቻ ይዞ ቤተ መንግሥት የሚገባ የለም። ይሄን ንገሪያት።

የሕግ ሰው፣ ለገጣፎ

መምህርት፣ ሥዕልዎ ጥሩ ነው፤ አንድ ቀስት ግን ጎድሎታል። ካጠፋ ማን ያነሳዋል? ልጅቷን ይሄን ይጠይቋት።

አሜሪካን ይውሰዱ። ፕሬዚዳንቱን ከሥልጣን ለማንሳት የሴኔቱ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1868 አንድሪው ጆንሰን በአንድ ድምፅ ተረፈ። እስከ ዛሬ በሴኔት ፍርድ የተነሳ ፕሬዚዳንት የለም። እንግሊዝ ግን እ.ኤ.አ. በ2022 ብቻ ሦስት ጠቅላይ ሚኒስትሮች፣ ቦሪስ ጆንሰን፣ ትረስና ሱናክ ተፈራረቁባት፤ አጠቃላይ ምርጫ ሳይደረግ። ለቦሪስ ጆንሰንና ለትረስ ፊት የነሷቸው የገዛ ፓርቲያቸው የምክር ቤት አባላት ናቸው። ጀርመኖች ደግሞ አገር ያለ መሪ እንዳትቀር መላ አበጁ። ምክር ቤቱ መራሔ መንግሥቱን የሚያነሳው ተተኪውን በዚያው ድምፅ ከመረጠ ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1982 ሽሚት ወርዶ ኮል የገባው እንዲህ ነው።

በኛ ሕገ መንግሥት ፕሬዚዳንቱ ከሁለት ጊዜ በላይ አይመረጥም። ለጠቅላይ ሚኒስትሩ እንዲህ ያለ ገደብ የለም። ስለዚህ ሸክሙ በሙሉ ምክር ቤቱ ላይ ነው የሚወድቀው።

የአያት ነዋሪ

የሕግ ሰው፣ ያልከው እውነት ነው። ግን በ2007ቱ ምርጫ 547ቱንም ወንበር ኢሕአዴግና አጋሮቹ ወስደውት ነበር። ያኔ ማን ማንን ሊያነሳ? የእንግሊዝ የምክር ቤት አባል መሪውን የሚገፋው በሚቀጥለው ምርጫ ሰፈሩ እንዳይጥለው ስለሚፈራ ነው። ፍርሃቱ ከሌለ ቀስቱ ሥዕል ብቻ ነው።

መምህርት፣ ከየካ አባዶ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዛሬ ገባሁ። የማንሳቱን ቀስት በቀይ ጠመኔ ጨመርኩበት። ከጠቅላይ ሚኒስትሩ ወደ ምክር ቤቱ ሲመለስ ዝም ብለው ያያሉ። ከምክር ቤቱ ወደ ሕዝቡ ሳወርደው ግን ጉርምርምታ ተነሳ። አንቀጽ 54 ንዑስ አንቀጽ 7ን አነበብኩላቸው፤ የምክር ቤት አባል የመረጠው ሕዝብ አመኔታ ካጣበት በሕግ መሠረት ውክልናውን ሊያጣ ይችላል። ያቺ ልጅ ተነሳች።

"ቲቸር፣ የኛ ሰፈር ተወካይ ማን ነው?"

ክፍሉን ጠየቅኩ። አንድም እጅ አልወጣም። እኔም አላውቅም፤ አላውቅም አልኳቸው። የምርጫ ክልላችንንና የተወካያችንን ስም ለሰኞ ይዛችሁ ኑ ብያለሁ፤ እኔም እየፈለግኩ ነው። የአባዶ ልጆች፣ የምታውቁ ካላችሁ እዚሁ ጻፉልኝ።