«እግዜር የማረን ዓመት» የተባለው ማንን ነው? ሚኒሶታ ሳይበርድ ያለፈው የፈረንጆቹ 2023–24 ዊንተር በዕድር የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ያስነሣው ክርክር

ጉድ ፈላ፦ ትናንት እዚህ ግሩፕ ላይ የተለጠፈውን ዜና አንብቤ ተናደድኩ። የዘንድሮው ዊንተር በአሜሪካ መዝገብ ከሁሉም የሞቀው ነው፣ የአየር ንብረት ለውጥ ደጃችን ደረሰ ይላል። ቆይ፣ አምና የት ነበራችሁ? በ2022–23 እዚሁ ሚኒያፖሊስ 90 ኢንች በረዶ ወርዷል። መኪናዬን በአካፋ ቆፍሬ ሳወጣ «የአየር ንብረት» ያለኝ ሰው የለም። በ2019 ጃንዋሪ ከዜሮ በታች 28 ፋራናይት ሲገባ «እሱ የሰሞኑ አየር ነው» ተባልን። ሲበርድ የሰሞኑ አየር፣ ሲሞቅ የአየር ንብረት። እንዲህ ያለ ጨዋታማ እኔም አልሸነፍም።

ስንዱ ሴንት ፖል፦ እኔ ሳይንሱን አላውቅም። የጋዝ ቢሌ ግን ከአምናው በጣም ቀንሶ ነው የመጣው። የሌሊት ሽፍት ጨርሼ ስወጣ መስታወት መፋቅ የለ፣ ጣት መደንዘዝ የለ። እግዜር የማረን ዓመት ነው። ይሄ ምኑ ያጨቃጭቃል?

ባለ ማረሻው፦ ስንዱዬ፣ አንቺን ምሮ እኔን ረስቶኛል። አምና ሰው ሁሉ በበረዶ ጠረጋ ሲሠራ አይቼ፣ ዘንድሮ በብድር ፒክአፔ ላይ መጥረጊያውን አስገጠምኩ። ኮንትራቴ በጠረጋ ነው። በረዶ ካልወረደ ክፍያ የለም። የመጥረጊያው ከንፈር ቀለም እስካሁን አልተጫረም። ጋራዥ የደረደርኩት ጨው እርጥበት ጠጥቶ ድንጋይ ሆኗል፣ በመዶሻ ነው የሚፈረካከሰው። በፈረንጅ ገና ዝናብ ሲዘንብ በመስኮት እያየሁ ስቄያለሁ፣ የሳቅ ሳቅ ግን አይደለም።

ቴርሞሜትር፦ ጉድ ፈላ፣ ዜናውን እስከ መጨረሻው አንብበኸዋል ወይስ ርዕሱ ላይ ነው የተናደድከው? ቁጥሩ የኖኣ፣ የአሜሪካ የውቅያኖስና የአየር መሥሪያ ቤት ነው። ከዲሴምበር እስከ ፌብሩዋሪ ከአላስካና ከሃዋይ በቀር የ48ቱ ስቴቶች አማካይ 37.6 ፋራናይት፣ በ130 ዓመት መዝገብ አንደኛ። በፌብሩዋሪ አጋማሽ ከታላላቆቹ ሐይቆች በበረዶ የተሸፈነው 3 በመቶ አይሞላም። ዱሉዝ የሚካሄደው ቤርግሪዝ የሚባለው በውሻ የሚጎተት የበረዶ ጋሪ ውድድር በበረዶ እጦት ተሰርዟል። አፐር ሬድ ሌክ ላይ ዓሣ ሊያጠምዱ የወጡ ከመቶ በላይ ሰዎች በረዶው ተገንጥሎ ይዟቸው ሄዶ በነፍስ አድን ነው የወጡት። ሚኒሶታ ነው እኮ የምንለው!

ጉድ ፈላ፦ ጥሩ። በዚያው መዝገብ እንሂድ። ዘንድሮ እዚህ ከተማ የተሰበረው ሪከርድ የስንት ዓመት ነው? የ1877–78። ያኔ ማን መኪና ነዳ? አፄ ዮሐንስ ኮሮላ ነበራቸው?

ባለ ማረሻው፦ 😂😂 ኮሮላ!

ቴርሞሜትር፦ ሳቁ። 1877–78 ከባድ ኤልኒኞ የነበረበት ዘመን ነው። ዘንድሮም ኤልኒኞ ነው። የፓሲፊክ ውቅያኖስ ወገቡ ላይ ሲሞቅ ከላይ የሚነፍሰው ኃይለኛ ንፋስ መንገዱን ይቀይራል። የካናዳው ቁር እዚያው ይቀራል፣ ወደኛ የሚመጣው ከፓሲፊክ የተነሣ ለብ ያለ አየር ነው።

ጉድ ፈላ፦ አመሰግናለሁ! ራስህ አልከው። ኤልኒኞ ነው። ክርክሩ አለቀ፣ ቡና አፍሉ።

ቴርሞሜትር፦ አላለቀም። ከዚህ በፊት የአገሪቱ ሪከርድ የ2015–16 ዊንተር ነበር። እሱም ኤልኒኞ ነበረው፣ ያውም ከዘንድሮው የበረታ። ደከም ያለው ኤልኒኞ እንዴት የበለጠ የሞቀ ዊንተር አመጣ? ከሥር ያለው መነሻ ራሱ ከፍ ስላለ ነው። የሚኒሶታ ሐይቆች ላይ በረዶ የሚቆይበት ጊዜ በ50 ዓመት ውስጥ ከ10 እስከ 14 ቀን አጥሯል። ዊንተሩ ከበጋው ይልቅ ቶሎ እየሞቀ ነው፣ በተለይ ሌሊቱ። አንድ ቅዳሜ ገበያ ሽንኩርት ረከሰ ተብሎ ኑሮ ረከሰ አይባልም። አምና የወረደው 90 ኢንች ያ ቅዳሜ ነው። ኑሮውን የምታውቀው የ30 ዓመቱን ስታይ ነው።

ጉድ ፈላ፦ ሽንኩርት! እኔ ስለ አየር ሳወራ እሱ ሾላ ገበያ ገባ። እሺ የሽንኩርቱ ሊቅ፣ ዘንድሮስ ለምን «አንድ ቅዳሜ» አልሆነም? የኔ ዓመት ቅዳሜ፣ ያንተ ዓመት ኑሮ?

ቴርሞሜትር፦ ዘንድሮም ብቻውን ቅዳሜ ነው። ብቻውን ማስረጃ ነው ያለህ የለም። በዓለም ደረጃ ግን 2023 ሙሉው ዓመት እስከዚያ ድረስ ከተመዘገቡት ሁሉ የሞቀው ነው፣ ከኢንዱስትሪ ዘመን በፊት ከነበረው 1.45 ሴልሺየስ ገደማ በላይ። በአየር ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሚሊዮን እጅ 280 ከነበረበት ተነሥቶ 420 አካባቢ ደርሷል። ይሄ የሚኒያፖሊስ ወሬ አይደለም።

ጉድ ፈላ፦ ዜናው ግን «ደጃችን ደረሰ» ነው ያለው። በአንድ ዊንተር። እኔ የተናደድኩት በእሱ ነው።

የዋግ ልጅ፦ ሁላችሁም ስንዱ ያለችውን አልፋችሁት ሄዳችሁ። «እግዜር የማረን ዓመት»። ማንን ነው የማረው? ይሄው ኤልኒኞ ነው አምና የአገራችንን ክረምት ያሰናከለው። ዋግ ኽምራ፣ ትግራይ፣ ሰሜን ጎንደር ዝናቡ ዘግይቶ መጣ፣ ቶሎ ሄደ። ማሽላው ፍሬ ሳይዝ ቀረ። ኅዳር ላይ ደግሞ ሶማሌ ክልል በጎርፍ ተጥለቀለቀ። እናቴ ሰቆጣ ናት። እስቲ ደውዪና «ዘንድሮ ተማርን» በያት።

ስንዱ ሴንት ፖል፦ ኧረ ወንድሜ፣ እኔ ስለ ጋዝ ቢሌ ነው የተናገርኩት። ምን ቃሌን ይዘህ ታንጠለጥለኛለህ? የእናትህ ጉዳይ እኔንም ያመኛል።

የዋግ ልጅ፦ «ስለ ጋዝ ቢሌ» ካልሽ «ማረኝ» በዪ። «ማረን» ስትዪ እኔም አለሁበት።

ሽማግሌው፦ ልጄ፣ ተው። ሰው እግዚአብሔርን ስላመሰገነ አይከሰስም። እናትህ ራሳቸው ቢሰሙ «ተመስገን፣ ልጆቼ ከብርድ ዳኑ» ነው የሚሉት።

የዋግ ልጅ፦ ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ነው። እናቴ ይሉታል፣ ልክ ነዎት። ግን እሳቸው ተመስገን ማለታቸው ለእኛ ማምለጫ አይሆንም። በፈረንጆቹ 2015 ኤልኒኞ ጊዜ 10.2 ሚሊዮን ሰው ዕርዳታ ጠባቂ ተባለ። ያኔም እዚህ ዊንተሩ ለብ ያለ ነበር፣ ያኔም «ተመስገን» ተብሏል። ሁለቱን የሚያገናኝ ሰው ግን አልነበረም።

ጉድ ፈላ፦ ቆይ ቆይ። ድርቅ በአገራችን አዲስ ነው እንዴ? በአፄ ምኒልክ ዘመን ክፉ ቀን ነበር። በ66 ወሎ፣ በ77 እንደገና። ያንን ሁሉ ማን አሞቀው? እህል እያለ መንገድ የዘጋ፣ ጦርነት የከፈተ፣ ረሀቡን የደበቀ ሰው ነው ያስጨረሰን። አሁን ሁሉ ነገር «አየር ንብረት» ሲባል ሹሙ ሁሉ እጁን ታጥቦ ይወጣል። እኔ የምፈራው ይሄንን ነው።

ቴርሞሜትር፦ ከመጣህ ጀምሮ የተናገርከው ትልቁ ነገር ይሄ ነው። ግን የሹሙ ጥፋት ዝናቡ እንዳልተዛባ አያረጋግጥም። ገበሬው ሁለቱንም ነው የተሸከመው።

ጉድ ፈላ፦ «ትልቁ ነገር»? ማርክ እየሰጠኸኝ ነው?

ባለ ማረሻው፦ ስለ ሹም ካነሣችሁ እኔም ልተንፍስ። ለእህቴ ያገለገለች ቪትዝ ልገዛላት ሁለት ዓመት ሳጠራቅም ቆየሁ። ዘንድሮ የነዳጅ መኪና አገር አይገባም ተባለ። ኤሌክትሪክ ብቻ! እህቴ ያለችበት ከተማ መብራት ሳምንት ይጠፋል። በኩራዝ ቻርጅ ታድርግ?

ጉድ ፈላ፦ ይኸው! ዓለምን ያሞቀው አሜሪካና ቻይና፣ ቪትዝ የምትከለከለው የሱ እህት። መላው አፍሪካ እኮ ከዓለም ጭስ 4 በመቶ አይሞላም። እዚህ ሠፈር በየቤቱ ሦስት መኪና ቆሟል፣ አንዱ ፒክአፕ።

ባለ ማረሻው፦ ፒክአፔን ምን አገባህ?

ቴርሞሜትር፦ ክልከላው ስለ ጭስ ብቻ አይደለም። አገሪቱ ነዳጅ በዶላር ነው የምትገዛው፣ ዶላሩ ደግሞ የለም። መብራቱ ከውኃ ነው የሚመነጨው...

የዋግ ልጅ፦ ውኃው ከዝናብ፣ ዝናቡ ከኤልኒኞ። እንኳን ደህና ተመለስክ። ስንዱ ግን እስካሁን አልመለሰችልኝም።

ስንዱ ሴንት ፖል፦ ምን ልመልስልህ? ከሌሊት ሥራ ገብቼ ልተኛ ስል በቴሌግራም ችሎት ቀረብኩ። «ማረን» ብያለሁ፣ ነገም እላለሁ። የቀነሰውን የጋዝ ብር ለማን እንደላክሁት ግን አልጠየቅከኝም።

ሽማግሌው፦ ሰማህ ልጄ?

የዋግ ልጅ፦ ሰማሁ ጋሼ። ጥያቄዬ ግን እሱ አልነበረም።

አድሚን፦ ወገኖች፣ ይሄ ግሩፕ የዕድር ነው። የቅዳሜውን ለቅሶ ማስታወቂያ ከላይ ገፍታችሁ አጠፋችሁት። እንደገና ለጥፌዋለሁ። ስለ አየር የምታወሩ በውስጥ መስመር።

ጉድ ፈላ፦ ዜናውን የለጠፈው አድሚኑ ራሱ አይደለም እንዴ?

ባለ ማረሻው፦ ከመዘጋቱ በፊት አንድ ማስታወቂያ። የበረዶ መጥረጊያ፣ ያልተነካ፣ ከነጨው። የሚገዛ?

ቴርሞሜትር፦ አትቸኩል። ኤልኒኞው እየደከመ ነው፣ ተቃራኒዋ ላኒና፣ ያው ፓሲፊክ ሲቀዘቅዝ የምትመጣው፣ ልትመጣ ትችላለች እየተባለ ነው። እሷ ስትመጣ እዚህ የአሜሪካ ሰሜን ላይ ብርዱ የመበርታት ዕድል አለው።

ጉድ ፈላ፦ አሁን ደግሞ ለከርሞ በረዶ ትተነብያለህ? በረዶ ከወረደ ለውጥ ነው፣ ካልወረደም ለውጥ ነው። ማረሻው፣ ወንድሜ፣ ሽጠው። እሱን አምነህ ብድር እንዳትከፍል።

ቴርሞሜትር፦ «ዕድል» ነው ያልኩት፣ አማርኛ ታነባለህ?

ባለ ማረሻው፦ አንዳችሁ ግዙኝና ከዚያ ተሰዳደቡ። ዋጋው በውስጥ።