የ«ማ» ሆድ እየወደቀብኝ ተቸግሬአለሁ

ደብረ ማርቆስ ውስጥ በቆርቆሮ አጥርና በግድግዳ ላይ በስቴንስል (ቅርጹ ተቆርጦ በወጣለት ካርቶን) የተረጩ ሥዕሎችን በስልኬ አንስቼ 64 መርጫለሁ፤ ግማሾቹ ዛሬ በኖራ ተቀብተዋል። በትንሽ መጽሐፍ ላሳትማቸው ነው። ሽፋኑን በእጄ ልረጨው ብዬ «የማርቆስ ግድግዳ» የሚለውን ካርቶን ላይ በምላጭ ቆረጥኩ። ችግሩ «ማ» እና «ቆ» ናቸው፤ ሆዳቸው ውስጥ ያለው ቁራጭ ተነጥሎ ይወድቅና ፊደሉ ድፍን ይሆናል። ካርቶኑ ሦስተኛው ርጭት ላይ ረጥቦ አበጠ። በአሮጌ የራጅ ፊልም 2 ሚሊ ሜትር ድልድይ (የሆዱን ቁራጭ ከዙሪያው ጋር የሚያያይዝ ሳይቆረጥ የሚቀር ቀጭን ማያያዣ) ብተው ይታጠፍና ቀለም ከሥሩ ይሰርጋል። ወደ 5 ሳሰፋው ደግሞ እናቴ አይታ «ይሄ ምን የሚሉት ፊደል ነው?» አለችኝ። የፊደሎቹ ቁመት 4 ሴንቲ ሜትር ነው። ስቴንስል የቆረጣችሁ፣ በ«ማ» እና በ«ቆ» ላይ ድልድዩን በየትኛው ጎን፣ በምን ያህል ስፋት ትተዋላችሁ?