ውሃ በቀየርኩ ቁጥር ኮራሎቼ ይዘጋሉ፤ ምን ላድርግ?

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው ዱባይ ነው። ቤቴ ውስጥ 150 ሊትር የሚይዝ የጨው ውሃ አኳሪየም አለኝ። ክላውንፊሽ የሚባሉ ሁለት ዓሦችና ጥቂት ኮራሎች (ድንጋይ ላይ ተጣብቀው የሚኖሩ የባህር እንስሳት) አሉበት። ቅዳሜ ቅዳሜ 15 ሊትር እቀይራለሁ።

ውሃ በቀየርኩ ማግስት ዞአንቲድ የሚባሉት አበባ መሳይ ኮራሎቼ ጥርቅም ብለው ይዘጋሉ። ሁለት ቀን ሙሉ አይከፈቱም። ሳያቸው አንጀቴን ይበሉታል።

የቧንቧ ውሃ አልጠቀምም፤ አርኦዲአይ በሚባለው፣ በውሃው ውስጥ የሟሙትን ነገሮች በሚያስወግድ ማጣሪያ ያለፈ ነው። ጨዉን በጥብጬ በፓምፕ እያዞርኩ 24 ሰዓት አቆየዋለሁ። በማሞቂያም 26 ዲግሪ አደርሰዋለሁ፤ ገንዳውም ያው ነው። ጨዋማነቱ ሁለቱም ጋ 1.025 ነው። ልዩነት ያገኘሁት አልካሊኒቲው (ውሃው አሲድን የመቋቋም አቅሙ) ላይ ብቻ ነው። ገንዳው 7.5፣ አዲሱ ውሃ ደግሞ 11 ዲኬኤች (የአልካሊኒቲ መለኪያ)። ግን ሳሰላው 15 ሊትር ገንዳውን ከ7.9 አያሳልፈውም። ይህቺ ታህል ለውጥ እንዲህ ታደርጋቸዋለች?

ሌላው የጠረጠርኩት አሸዋውን ነው። ውሃውን በቱቦ ስስብ አሸዋውንም አብሬ አጸዳለሁ። ያኔ ቆሻሻው ብድግ ብሎ ኮራሎቹ ላይ ያርፋል።

እባካችሁ፣ የደረሰባችሁ ካላችሁ ንገሩኝ። የምበጠብጠውን የጨው ዓይነት ልቀይር ወይስ አሸዋውን መንካት ልተው? ነገ ቅዳሜ ነው፤ እስካሁን ውሃውን አላዘጋጀሁም።