አስቸኳይ፦ ረጅም መብራቴ በራሱ ብልጭ ድርግም እያለ «ትራፊክ ትጠቁማለህ» ተባልኩ

ባለኮሮላው (ከምሽቱ 2፡10)
እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ፣ መንገድ ላይ ነኝ። ረጅም መብራቴ ሳልነካው ብልጭ እልም ይላል። ከፊት የሚመጣው ሁሉ «ትራፊክ አለ» ያልኩት መስሎት ፍሬን ይይዛል። አንድ ሲኖትራክማ እጁን አውጥቶ አመሰገነኝ። ትንሽ እንደሄድኩ እውነተኛው ትራፊክ አስቆመኝ። «ለምን ትጠቁማለህ?» አለኝ። ተበላሽቶ ነው ስለው ሳቀ። «ዘንድሮ የሁላችሁም መብራት ተበላሽቷል» አለኝ። በቃል አስጠንቅቆ ለቀቀኝ፣ ሲመሽ ደግሜ ባገኝህ ክስ ነው ብሏል። አሁን መቂ ቆሜያለሁ። ጠዋት 2 ሰዓት አዲስ አበባ መገኘት አለብኝ። ምን ላድርግ?

ፍሪቻ
ስምህ ላይ ኮሮላ ይላል። ኮሮላ ግን እኔ ሳልወለድ ጀምሮ ነው ያለው። የስንት ሞዴል ነው?

ቅጥቅጥ ሾፌር
እስካሁን ስንት ሰው ከቅጣት አዳንክ? እንዳታሠራው ወንድሜ። ለእኛ በረከት ነህ።

ነገሩን ተወው
የረጅሙን መብራት ፊውዝ ንቀል፣ በአጭር መብራት ንዳ። አለቀ።

ጋሽ ኬላ
ልጆች፣ እኔ 31 ዓመት ነድቻለሁ። መጀመሪያ በጭነት፣ ከዚያ በሕዝብ ማመላለሻ። ስለ መብራቱ ሌሎች ይንገሩህ፣ እኔ ስለ መጠቆሙ ልናገር። ድሮ ራዳር የሚባል ነገር ሳይመጣ በፊት መብራት ስንሰጣጥ ትርጉሙ ሌላ ነበር። ድልድይ ተሰብሯል፣ ከብት መንገድ ላይ ተኝቷል፣ ከመታጠፊያው ኋላ መኪና ተገልብጧል ማለት ነበር። ሹፌር ለሹፌር ነፍስ ይሰጥ ነበር። አሁን ግን ለምንድን ነው የምትሰጡት? ለማን እንደምትሰጡስ ታውቃላችሁ? ከፊት የሚመጣው ሰክሮ ይሁን፣ የሰው መኪና ሰርቆ ይሁን፣ መንጃ ፈቃድ ሳይኖረው ይሁን፣ በጨለማ መብራት ብቻ ነው የምታዩት። እኔ አንድ ጊዜ መብራት ሰጥቼው ያለፈ ሰው ሲመለስ ምን እንዳደረገ አውቃለሁ። አላወራውም። ከዚያ ወዲህ እጀታውን ለዚህ ነክቼው አላውቅም።

ቅጥቅጥ ሾፌር
ጋሼ በጣም ነው የማከብርዎት። ግን መብራት የተሰጠው ሰው ይቀንሳል አይደል? ትራፊኩስ የቆመው እንዲቀንስ አይደለም? እኛ በነፃ ነው ሥራውን የምንሠራለት።

ከአሌክሳንድሪያ
ይሄ ነገር እዚህ አሜሪካ ፍርድ ቤት ደርሷል። ሚዙሪ ውስጥ ኤሊስቪል የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። በፈረንጆች 2012 አንድ ሰው ለፖሊስ ራዳር መብራት ሰጠ ተብሎ ተከሰሰ። ቅጣቱ እስከ 1000 ዶላር ይደርሳል አሉት። ክሱን በኋላ ቢተዉለትም ሰውየው አልተወም፣ ከተማዋን ከሰሰ። በ2014 የፌዴራል ዳኛ ከተማዋ በዚህ ምክንያት ሰው እንዳታስቆምና እንዳትከስ አገደ። የዳኛው ሐሳብ በአጭሩ፣ መብራቱ የሚናገረው «ሕጉን አክብር፣ ቀንስ» ነው፣ ይህ ደግሞ ሐሳብን መግለጽ ነው የሚል ነበር። ፍሎሪዳም እንዲሁ ተከራክረውበት በኋላ ሕጉን ራሱን አሻሻሉት። ግን ይሄ በሁሉም ክፍለ ሀገር አይሠራም። እኔ ቨርጂኒያ ነኝ። እዚህ ራዳር የሚያሸት መሣሪያ መኪና ውስጥ መግጠም ራሱ ክልክል ነው።

ሎንዶን ያለሁት
እንግሊዝ ስትመጡ አትሞክሩት። ፖሊስን ሥራ ማደናቀፍ በሚለው የ1996ቱ ሕግ ነው የሚይዙህ።

ፍሪቻ
ሰውየው መቂ ነው ያለው፣ እናንተ ሚዙሪ ወሰዳችሁት።

የኤሌክትሪክ ልጅ
ባለኮሮላው፣ አራት ነገር መልስልኝ።
ዳሽቦርዱ ላይ ያለችው ሰማያዊ ምልክት አብራ ብልጭ ትላለች? የሚበራው ሁለቱም ነው ወይስ አንዱ? ጉድጓድ ሲመታ ነው ወይስ መሪ ስትጠመዝዝ? በቅርብ ጊዜ መኪናው ላይ ምን አሠራህ?

ነገሩን ተወው
ፊውዙን ይንቀል እያልኩ ነው። ምን ጥያቄ ያበዛል።

የኤሌክትሪክ ልጅ
በብዙ የድሮ ቶዮታ ለረጅም መብራት ብቻውን ፊውዝ የለም። ፊውዙ የቀኝ መብራትና የግራ መብራት ተብሎ ነው የተከፈለው። ብትነቅለው አጭሩም አብሮ ይጠፋል። በአንድ ዓይን ወይ በጭፍን ከመቂ ሞጆ ሊነዳ ነው?

ማር ጠጅ
ሰላም፣ አሁን ነው ያየሁት። ሁሉንም አላነበብኩትም ግን ፊውዙን ብትነቅለውስ?

ባለኮሮላው (2፡41)
የ2000 ሞዴል ነው። ሰማያዊዋም አብራ ትላለች። ሁለቱም ናቸው። መሪውን ወደ ግራ ስይዝ ይብሳል። ምንም አላሠራሁም። ማክሰኞ አላርም አስገጥሜያለሁ፣ እሱ ግን ከመብራት ጋር አይገናኝም።

የኤሌክትሪክ ልጅ
ቂቂቂ። «ምንም አላሠራሁም፣ አላርም ብቻ።» ይህቺን ዓረፍተ ነገር ፍሬም አስገብቼ ጋራዥ እሰቅላታለሁ።
አንድ የመጨረሻ ጥያቄ። ቀን ላይ መብራቱ ጠፍቶ እያለስ ያደርጋል?

ባለኮሮላው
ቀን አላደረገም። መሽቶ መብራት ሳበራ ነው የጀመረው።

አልተዋጠልኝም
ወንድሜ፣ ጥያቄህ ከመነሻው የተሳሳተ ይመስለኛል። ትራፊኩ ያስቆመህ ስለጠቆምክ አይደለም። ሌሊት ከፊት ለሚመጣው ረጅም መብራት መልቀቅ በራሱ ጥፋት ነው። ዓይን ይወስዳል። ብትጠቁምም ባትጠቁምም ያስቆምህ ነበር። «ትጠቁማለህ» ያለህ ስላየህ ነው። ክስ ቢጽፍልህ ወረቀቱ ላይ የሚሰፍረው ሌላ ነው የሚሆነው። ሰው ሁሉ ስለ መጠቆም ሲከራከር፣ የተጻፈውን የሚያነብ የለም።

ባለኮሮላው
ወንድም ክስ አልጻፈም አልኩ እኮ። መብራቱን እንዴት ላጥፋው?

አልተዋጠልኝም
መርሁን ነው የምነግርህ።

የኤሌክትሪክ ልጅ
ስማኝ፣ በአጭሩ። በብዙ የዚያ ዘመን ቶዮታ ፖዘቲቩ ከሪሌ (መብራቱን ከሚያበራው ማብሪያ ሳጥን) ቀጥታ አምፖሉ ጋ ይደርሳል። እጀታው የሚሰጠው ማሳውን (ነጌቲቩን፣ የመኪናውን ብረት) ነው። ስለዚህ ከእጀታው የሚመጣው የረጅሙ መብራት ሽቦ የትም ቦታ ተልጦ ብረት ከነካ፣ መኪናው አንተ እጀታውን የሳብክ ይመስለዋል። ሰማያዊዋም በዚያው ሽቦ ስለሆነች አብራ ትበራለች። መብራት ጠፍቶ እያለ የማያደርገው ሪሌው ስላልተነሳ ነው። እጀታው ራሱ ቢያረጅ ኖሮ ቀንም ያበራ ነበር፣ ሲሳብ ሪሌውንም ስለሚያስነሳ። መሪ ስትጠመዝዝ የሚብሰው ደግሞ ሽቦው መሪው ሥር ስለታነቀ ነው። አላርም የገጠመልህ ሰው የመሪውን ሽፋን ከፍቶ የራሱን ሽቦ ጨምሯል። ሲዘጋ የአንተን ሽቦ ነክሶታል። ዘጠና በመቶ እሱ ነው።

የምታደርገው፦ ቁልፉን አውጣ። የባትሪውን ነጌቲቭ በ10 ቁጥር ቁልፍ ፍታና ጥቂት ደቂቃ ጠብቅ። ከመሪው ሥር ያለው ሽፋን ከታች በኩል በብሎን ነው የታሰረው፣ በካቻቢቴ ይፈታል። ቀስ ብለህ አውርደው። ብረት ላይ የተጫነ ወይ የተላጠ ሽቦ ፈልግ። ስታገኘው ነጥለህ በናስትሮ ጠቅልል። ቢጫ ሶኬት ካየህ አትንካ፣ የኤርባግ ነው።

ቅጥቅጥ ሾፌር
በ10 ቁጥር ቁልፍ? የ10 ቁጥር ቁልፍ ያለው ሰው አጋጥሟችሁ ያውቃል? እኔ በዓመት ሦስት እገዛለሁ፣ ምድር ትውጠው ሰማይ ይምጠጠው አላውቅም።

ፍሪቻ
ናስትሮ ከሌለህ ከመናኸሪያው አካባቢ ጎሚስታ ቤት ጠይቅ። ጎሚስታ እስከ ማታ አይጠፋም።

ጋሽ ኬላ
የኤሌክትሪክ ልጅ፣ ተባረክ። እውቀት እንዲህ ነው የሚነገር።

የኤሌክትሪክ ልጅ
ጋሼ ያኑርልኝ። ደግሞ ሽቦውን ካጣኸው ሌላ መላ አለ። ኮፈኑን ክፈት። የአምፖሉ ሶኬት ሦስት ጥርስ ካለው አጭሩና ረጅሙ በአንድ አምፖል ናቸው ማለት ነው። የረጅሙን ጥርስ ከሶኬቱ አውጥተህ በናስትሮ አሽገው፣ በሁለቱም በኩል። አጭሩ ብቻ ይቀርሃል። አምፖሉ ከወጣ መስታወቱን በባዶ እጅህ አትያዝ። የእጅ ቅባት ሲግል ያቃጥለዋል።

የእህቴ ቲማቲም
ይቅርታ፣ እኔ ስለ ሽቦ አላውቅም። እህቴ በዚሁ መንገድ ዳር ቲማቲምና ሽንኩርት ትሸጣለች። የቅጥቅጡን ሹፌር አባባል አነበብኩት። «ይቀንሳል አይደል?» ይላል። አዎ ይቀንሳል። እሷ ግን የምትለው ሌላ ነው። ትራፊክ ካለበት ቦታ እሷ ትንሽ ራቅ ብላ ነው የምትቀመጠው። ተሰጣጥታችሁ ቀስ ብላችሁ ትራፊኩን ታልፋላችሁ። ከዚያ የባከነባችሁን ጊዜ ለማካካስ ነዳጅ የምትረግጡት ፊቷ ላይ ነው። ትራፊክ በሌለበት ቀን ይሻለኛል ትላለች።

ቅጥቅጥ ሾፌር
...እሺ እህቴ። ይሄንን አላሰብኩትም ነበር።

ከአሌክሳንድሪያ
ለሚዙሪው ዳኛ ይሄ ጥያቄ አልቀረበለትም።

ፍሪቻ
ደረቅ ሒሳብ ልጨምር። በሰዓት 100 የሚነዳ መኪና በአንድ ሰከንድ 28 ሜትር ያህል ይሄዳል። ስልክህን አንዴ አየት አድርገህ እስክትመለስ የእህቷን መደብ አልፈሃል። በአጭር መብራት ደግሞ የሚታይህ 50 ሜትር ቢሆን ነው። ባለኮሮላው፣ ረጅሙን ነቅለህ የምትነዳ ከሆነ ከ60 አትለፍ። ጋሪ የኋላ መብራት የለውም።

አልተዋጠልኝም
ለመሆኑ ለምን በአሮጌው መንገድ ሄደ? ከባቱ እስከ ሞጆ ፈጣን መንገድ አለ። መሐሉ ተከፍሏል፣ ከፊት የሚመጣ ዓይኑን የሚወስድበት ሰው የለም። ጋሪም የለም።

ባለኮሮላው (3፡20)
መንገድ ላይ ዕቃ ማድረስ ነበረብኝ። ቁልፍም ናስትሮም ከጎሚስታው አገኘሁ። ባትሪውን ልፈታ ነው። እግዚአብሔር ይስጥልኝ ሁላችሁንም።

የኤሌክትሪክ ልጅ
ቆይ ቆይ! ከመፍታትህ በፊት አላርሙን በሪሞቱ አጥፋው። አንዳንዱ የራሱ ትንሽ ባትሪ አለው። የመኪናው ባትሪ ሲነቀል ሌባ መጣ ብሎ ይጮኻል።

ባለኮሮላው (3፡27)
እየጮኸ ነው እንዴት ነው የሚጠፋው ሆቴሉ በሙሉ ወጥቷል

ቅጥቅጥ ሾፌር
ቂቂቂቂ። ወይ መቂ።

የኤሌክትሪክ ልጅ
ባትሪውን መልሰህ ግጠም፣ ከዚያ ሪሞቱን ተጫን። ካልሰማህ የጩኸቷን ሳጥን ፈልገህ ቁልፏን አዙር፣ ኮፈን ሥር ናት። ቁልፏን የገጠመልህ ሰው ሰጥቶህ መሆን አለበት።

ማር ጠጅ
ወይም የአላርሙን ፊውዝ ንቀል።

ነገሩን ተወው
አየህ? ፊውዝ።

የኤሌክትሪክ ልጅ (ከሌሊቱ 5፡05)
ባለኮሮላው፣ ምን ደረስክ?

ጋሽ ኬላ (ጠዋት 12፡30)
ልጄ፣ በሰላም ገባህ ወይ? አንድ ቃል ጻፍ።

ፍሪቻ (ጠዋት 2፡15)
ሁለት ሰዓት አልፏል። ወይ ደርሶ ረስቶናል፣ ወይ ሆቴሉ አስሮታል።

ሞጆ ያለሁት (ጠዋት 3፡00)
ንጋት ላይ ከሞጆ ወጣ ብዬ አንድ ነጭ ኮሮላ መብራት ብልጭ አደረገልኝ። ቀነስኩ። ብሄድ ብሄድ ትራፊክ የለም። አንተ ከሆንክ አልተሠራልህም ማለት ነው።

ቅጥቅጥ ሾፌር
ነጭ መሆኑን ማን ነገረህ? ሰውየው ቀለም አልጻፈም።

የእህቴ ቲማቲም
ሞጆ ያለሁት፣ በስንት ሰዓት ነው? እኔም በዚያው አልፌያለሁ። ትራፊኩማ ነበረ። ከድልድዩ በኋላ ግራር ሥር። ቀስ ብለህ ስላለፍክ ነው ዝም ያለህ።