ፖዱ ከ«ፔንዲንግ» አልወጣ አለ፤ ጂፒዩው ግን ሥራ ፈትቶ ተቀምጧል

አዲስ_ተካይ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ኩበርኔቲስ (ፕሮግራሞችን በብዙ ማሽኖች ላይ የሚያሠራ ሥርዓት) ላይ ኩብፍሎው (የማሽን ለርኒንግ መሥሪያ) ተክለናል። ኖትቡኮቹ (ኮድ የምንጽፍባቸው ገጾች) ጂፒዩ በሌላቸው ኖዶች (ማሽኖች) ላይ ያለ ችግር ሲሠሩ ቆዩ። አሁን ለሞዴል ሥልጠና ጂፒዩ ያለው ኖድ ጨምረን ያንኑ ኖትቡክ ጂፒዩ እንዲጠይቅ አድርገን አስነሣነው፤ ፖዱ (ኖትቡኩ የሚሠራበት የኮንቴይነር ጥቅል) ግን «ፔንዲንግ» (ኖድ ሳያገኝ በመጠበቅ ላይ) እንዳለ ቀረ። ቶለሬሽኑ (ፖዱ የተከለለ ኖድ ላይ እንዲገባ የሚፈቅደው) ተጽፏል፤ ጂፒዩውን ለኩበርኔቲስ የሚያሳውቀው የኤንቪዲያ ዲቫይስ ፕለጊንም እየሠራ ነው። የማሽኑ ኪራይ ግን እየቆጠረ ነው። ምን ቀረን?

ፈጣን_መላሽ፦
ሚሞሪ አንሶት ይሆናል። ከፍ ያለ ማሽን ይከራዩ።

የዲስክ_ሰው፦
ኧረ ገንዘብዎን አያባክኑ! ሚሞሪ አንሶት ቢሆን ኖሮ የፖዱ ኢቨንት (የክስተት መዝገብ) በግልጽ ይናገር ነበር። «ኩብሲቲኤል ዲስክራይብ ፖድ» ብለው የመጨረሻዎቹን መስመሮች ይለጥፉልን።

አዲስ_ተካይ፦
«ቮልዩም ኖድ አፊኒቲ ኮንፍሊክት» ይላል።

የዲስክ_ሰው፦
ነገሩ ወዲህ ነው! እንደ ኢቢኤስ (የአማዞን ክላውድ ዲስክ) ያለ ዲስክ የሚኖረው በአንድ ዞን (ራሱን የቻለ የዳታ ማዕከል ሥፍራ) ውስጥ ነው፤ በሌላ ዞን ካለ ማሽን ጋር አይያያዝም። የኖትቡክዎ ዲስክ የተፈጠረው በመጀመሪያው ኖድ ዞን ነው፤ የጂፒዩው ኖድ ደግሞ ሌላ ዞን ውስጥ ተነሥቷል። ፖዱን ለኖድ የሚመድበው ስኬጁለር ምን ያድርግ?

ስቶሬጅ ክላሱን (ዲስክ እንዴት እንደሚፈጠር የሚወስነውን ቅንብር) «ዌይት ፎር ፈርስት ኮንሲዩመር» (ዲስኩ የፖዱ ቦታ እስኪታወቅ ይጠብቅ) አድርጉት የሚል ምክር ይመጣልዎታል። ምክሩ ደግ ነው፤ ግን የሚሠራው ዲስኩ ገና ሲፈጠር ብቻ ነው። ያለውን ዲስክ ከቦታው አያነቃንቀውም።

የጂፒዩ ኖዶቹን ዲስኩ ባለበት ዞን ማስነሣት ከቻሉ ያው ይበቃል። ጂፒዩ ግን በሁሉም ዞን እንደ ልብ አይገኝም። ካልተገኘ የዲስኩን ስናፕሾት (ቅጂ) ወስደው በጂፒዩው ዞን አዲስ ዲስክ ይፍጠሩበት። የሥልጠናውን ዳታ ደግሞ ወደ ኦብጀክት ስቶሬጅ (ከአንድ ዞን ዲስክ ጋር ያልታሰረ የፋይል ማከማቻ) ያውጡት፤ ዲስኩ ላይ ኮድ ብቻ ይቅር። በኖትቡክ ዲስክ ላይ ዳታ የሚከምር ቡድን ዞን በቀየረ ቁጥር እንዲህ ይንገላታል።

አዲስ_ተካይ፦
በስናፕሾቱ ተነሣ! አሁን ደግሞ ፓይቶርች (የሞዴል ማሠልጠኛ ላይብረሪ) ዳታ ሲጭን «ባስ ኤረር» ብሎ ይወድቃል።

የዲስክ_ሰው፦
ጠብቄው ነበር። ኮንቴይነር በራሱ የሚያገኘው ሼርድ ሚሞሪ (ፕሮሰሶች የሚጋሩት ሚሞሪ) 64 ሜጋባይት ነው፤ የዳታ ሎደሩ ሠራተኞች (ዳታ የሚጭኑት ፕሮሰሶች) ደግሞ ባቾችን (የዳታ ጥቅሎችን) የሚቀባበሉት በዚያ በኩል ነው። «ሚዲየም»ዋ «ሚሞሪ» የሆነች «ኤምፕቲ ዲር» (ከፖዱ ጋር ተፈጥራ የምትጠፋ ጊዜያዊ ማከማቻ) ሼርድ ሚሞሪው በሚገኝበት በ«ዴቭ ሼም» ማውጫ ላይ ያያይዙ። መጠኗን ይገድቡ፤ የምትወስደው ከፖዱ የሚሞሪ ጣሪያ ላይ ተቀንሶ ነው፤ ሳይገድቡ ከተዉት ፖዱ ሚሞሪ አልቆበት በ137 ኮድ ሊገደል ይችላል።