«ገና መሆኑን ያውቃሉ ወይ?» ይዘፈን ወይስ ይብቃው?

ሸክላ ሰብሳቢ (ለንደን)

እስቲ ዛሬ በአንድ ዘፈን እንከራከር። እንዳይምታታብን ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

እዚህ ለንደን ኖቬምበር ሲገባ ሱቁም ካፌውም የገና ዘፈን ይከፍታል። ከነዚያ ዘፈኖች አንዱ በእኛ ምክንያት የተዘፈነ ነው። «ዱ ዘይ ኖው ኢትስ ክሪስማስ?» ይባላል። «ገና መሆኑን ያውቃሉ ወይ?» ማለት ነው። በ77ቱ ረሃብ ጊዜ፣ በ1984፣ ቢቢሲ ከኮረም ያሳየውን ዘገባ አይተው ሁለት ሰዎች ጻፉት። አንዱ የቡምታውን ራትስ ባንዱ አየርላንዳዊ ቦብ ጌልዶፍ ነው። ሌላው የአልትራቮክሱ ስኮትላንዳዊ ሚጅ ዩር ነው። ኖቬምበር 25 ቀን ኖቲንግ ሂል ያለው ሳርም ስቱዲዮ ውስጥ የዘመኑን ስመ ጥር ድምፃውያን ሰበሰቡ። ከዱራን ዱራን፣ ከዩቱ፣ ከካልቸር ክለብ፣ ከስፓንዳው ባሌ፣ ከባናናራማ መጡ። ፊል ኮሊንስ ድራሙን መታ። ስብስቡ ባንድ ኤይድ ተባለ። ሸክላው በመጀመሪያው ሳምንት ብቻ አንድ ሚሊዮን ያህል ተሸጠ። በአንድ ዓመት ውስጥ 8 ሚሊዮን ፓውንድ ገባ።

ከዚያ በኋላ በ1989፣ በ2004 እና በ2014 በአዳዲስ ድምፃውያን ተደገመ። በ2024 ደግሞ ለ40ኛ ዓመቱ የቀድሞዎቹን ድምፆች አዋህደው እንደገና አወጡት።

እኔ የእንግሊዝና የአየርላንድ ሮክ ወዳጅ ነኝ። የቤቴ ግድግዳ ሁሉ ሸክላ ነው። ስለዚህ ከጥላቻ የተናገርኩ እንዳይመስላችሁ። ግን ይህ ዘፈን ይብቃው እላለሁ። ምክንያቴ ግጥሙ ነው። ዝናብ የለም፣ ወንዝ አይፈስም፣ ምንም አይበቅልም ይላል። የማን አገር ነው ይሄ? ዓባይ ከየት ነው የሚነሳው? ገናን ያውቃሉ ወይ ብሎ የሚጠይቀውስ ማንን ነው? ከንጉሥ ኢዛና ጀምሮ ክርስትና የኖረበትን አገር! ላሊበላ እኮ ከዚያው ከወሎ ነው። ኢትዮጵያ የሚለው ስም ደግሞ በግጥሙ ውስጥ አንድ ጊዜ እንኳ የለም። ያለው «አፍሪካ» ብቻ ነው። ከሁሉ የከፋብኝ የዩቱው ቦኖ የሚዘፍነው ስንኝ ነው። ዛሬ ማታ በእናንተ ፈንታ በእነሱ ስለሆነ እግዚአብሔርን አመስግኑ ይላል። «እነሱ» የተባልነው እኛ ነን።

ጥያቄዬ ይኸው፦ ሬዲዮዎች ይህን ዘፈን ማጫወት ይቀጥሉ ወይስ ያቁሙ?

የራያ ልጅ (አዲስ አበባ)

ወንድሜ፣ ሕመምህ ይገባኛል። ግን እኔ ከአንተ ጋር አይደለሁም።

እናቴ በ77 ከቆቦ ኮረም ድረስ በእግሯ የሄደች ሴት ናት። ወንድሜን አዝላ ነበር። መጠለያው ሲደርሱ ስንዴና ዘይት ተሰፈረላቸው። ለልጁ ፋፋ ሰጡት። ያ ልጅ ዛሬ የሦስት ልጆች አባት ነው። እናቴ የበላችው ስንዴ ከየትኛው አገር፣ ከየትኛው ድርጅት እንደመጣ አታውቅም። መንግሥታትም ብዙ ሰጥተዋል። ግን ያኔ የፈረንጅ ሕዝብ ባይጮህ መንግሥታቱ እንደዚያ ይፈጥኑ ነበር? የእንግሊዟ ጠቅላይ ሚኒስትር የታቸር መንግሥት እንኳ በሸክላው ሽያጭ ላይ ያለውን ታክስ አልምርም ብሎ ነበር። ሕዝቡ ሲቆጣ ነው የለሰለሰው።

ግጥሙ ስህተት አለበት፣ አዎ። ሰው ቤቱ እየተቃጠለ ውኃ ይዞ የመጣን ጎረቤት ስሜን በትክክል ጥራ ይለዋል?

የማንችስተሯ

እህቴ፣ እናትሽን አክብሬ ነው የምናገረው። ዕድሜ ይስጣቸው። ግን ቤቱ እየተቃጠለ የነበረው በ1984 ነው። እኔ የተወለድኩት ከዚያ በኋላ፣ እዚህ እንግሊዝ ነው።

ሁለተኛ ደረጃ ስማር በየዓመቱ ዲሴምበር ላይ ይህ ዘፈን ይከፈታል። ክፍሉ በሙሉ ዞሮ እኔን ያያል። «አንቺ ገና መሆኑን ታውቂያለሽ?» ይሉኛል። ምሳዬን ስበላ «ቀስ በይ፣ ምግብ አይተሽ አታውቂም» ይሉኛል። አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። ቤት ስገባ ከየት ነው የመጣሽው ሲሉኝ ምን ልበል ብዬ እናቴን የጠየቅኩበትን ቀን አልረሳውም። እንጀራ ይዤ ትምህርት ቤት መሄድ ያቆምኩት ያኔ ነው።

ይህን የምለው እኔ ብቻ አይደለሁም። የጋናና የእንግሊዝ ልጅ የሆነው ድምፃዊ ፊውዝ ኦዲጂ በ2014 ተጋብዞ ግጥሙን አይቶ እምቢ ብሏል። ያኔ የዘፈነው ኤድ ሺራን ራሱ በ2024 ድምፄን ዳግም ስትጠቀሙ አልጠየቃችሁኝም፣ ብጠየቅ እምቢ እል ነበር ብሏል። እርዳታው ይቀጥል። ዘፈኑ ግን ለእርዳታው ብቸኛ መንገድ አይደለም።

ታሪክ አንባቢ

ሁለታችሁም ዝናቡ ላይ ናችሁ። እኔ ሌላ ቅሬታ አለኝ።

ያን ሁሉ ሕዝብ የፈጀው የዝናብ እጦት ብቻ አልነበረም። ሰሜኑ ጦርነት ላይ ነበር። ደርግ ሴፕቴምበር 1984 የአብዮቱን 10ኛ ዓመት አከበረ፣ ኢሠፓን መሠረተ። አዲስ አበባ በባንዲራና በመብራት አሸብርቃ ነበር። ወሎና ትግራይ ሰው እየረገፈ ነበር። ከዚያ ደግሞ ሰፈራ መጣ። ሰው ያለ ፈቃዱ ተጭኖ ተወሰደ። ይህን የተቃወመው የፈረንሳዩ የድንበር የለሽ ሐኪሞች ቡድን በ1985 ከአገር ተባረረ።

ዘፈኑ ከዚህ ሁሉ አንድ ቃል የለውም። ሰማይን ብቻ ይከሳል። ሰማይ ሲከሰስ ሰው ከተጠያቂነት ያመልጣል። ረሃብ ተፈጥሮ ብቻ ያመጣው የሚመስለው የፈረንጅ ትውልድ የተፈጠረው ከእንደዚህ ዓይነት ግጥም ነው።

በሌላ በኩል ሐሰት እንዳንጨምር። የባንድ ኤይድ ገንዘብ ለአማፅያን መሣሪያ መግዣ ሆነ የሚል ወሬ እስካሁን ይነገራል። ያን ግንዛቤ ያስፋፋው በ2010 የወጣ የቢቢሲ ፕሮግራም ነው። ቢቢሲ እዚያው ዓመት ውስጥ ስለ ባንድ ኤይድ ለሰጠው የተሳሳተ ግንዛቤ በይፋ ይቅርታ ጠይቋል።

ባስ ጊታር (አዲስ አበባ)

እኔ ሙዚቀኛ ነኝ። ስለ ሙዚቃው ልናገር።

ጌልዶፍ ለዝናው ነው ያደረገው የሚሉ ሰዎች አሉ። እዚህ ገና አልተነሳም፣ ግን መነሳቱ አይቀርም። ቡምታውን ራትስ በ1979 «አይ ዶንት ላይክ መንደይስ» ብለው አንደኛ የወጡ ባንድ ናቸው። በ1984 ግን ጀንበራቸው እየጠለቀች ነበር። በዚያ ዓመት ያወጡት «ኢን ዘ ሎንግ ግራስ» የተባለው አልበማቸው አልተሳካም። ጌልዶፍ በ1985 ለረሃቡ ካዘጋጀው ኮንሰርት፣ ከላይቭ ኤይድ በኋላም አላንሰራሩም፣ በ1986 ተበተኑ። ከዚያ ኮንሰርት የተጠቀሙት ሌሎች ናቸው። ኩዊን ጁላይ 13 ቀን 1985 ዌምብሌይ ላይ ሃያ ደቂቃ ያህል ተጫውተው እንደገና ተወለዱ። ዩቱም ዓለም ያወቃቸው ያን ቀን ነው። ሰውዬው ባንዱን አጥቶ ሌሎችን አነገሠ።

ጆርጅ ማይክልንም አስታውሱ። እሱ በዚህ ዘፈን ላይ ይዘፍናል። በዚያው ገና ዋም የተባለው የራሱ ባንድ «ላስት ክሪስማስ»ን አወጣ። ሁለተኛ ላይ ቀረ፣ ምክንያቱም አንደኛ የነበረው ባንድ ኤይድ ነው። ዋሞች የዚያን ሸክላ ገቢም ለኢትዮጵያ ረሃብ ሰጡት። ያ ዘፈን ስለ እኛ አንድ ቃል አይናገርም። ስለ ፍቅር ነው። ማንንም አልሰደበም፣ ግን ስንዴ ገዝቷል።

አሁን ዋናው ነገሬ። ቦኖ ያን የሚያስቆጣ ስንኝ የዘፈነው ኢትዮጵያን ሳያያት ነው። ስንኙን ለመዝፈን አቅማምቶ ነበር፣ ጌልዶፍ ነው ያሳመነው። በ1985 ከባለቤቱ ከአሊ ጋር ወሎ መጣ። አጅባር መጠለያ ውስጥ አንድ ወር ያህል በፈቃደኝነት ሠሩ። ያለ ካሜራ ግርግር። ከዚያ ተመልሶ በ1987 «ዘ ጆሹዋ ትሪ» የተባለውን አልበም ከባንዱ ጋር አወጣ። የመጀመሪያው ዘፈን ጎዳናዎች ስም ስለሌላቸው ቦታ ነው። ሐሳቡ ከፊሉ ከኢትዮጵያ እንደመጣለት ራሱ ተናግሯል። ሰው በሚኖርበት ጎዳና ስምና በሀብቱ የማይለይበት ቦታ።

ሁለቱን ዘፈኖች አጠገብ ለአጠገብ አድርጋችሁ ስሙ። አንዱ ከቴሌቪዥን የተጻፈ ነው። ሌላው ከመጠለያው ከተመለሰ በኋላ። በሁለተኛው ውስጥ «እነሱ» የለም። «እኔ»፣ «አንተ» እና «እኛ» ናቸው ያሉት። ዘፋኙ መሮጥ፣ መሸሸግ፣ ከዚያ ደግሞ መድረስ ይፈልጋል። ሰው ሄዶ ሲያይ ቃሉ እንዴት እንደሚቀየር ከዚህ በላይ ማስረጃ አላውቅም።

የማንችስተሯ

ይሄን አላውቅም ነበር። አልበሙን አባቴ መኪና ውስጥ ይከፍተው ነበር። ስለ አጅባር ማንም አልነገረኝም።

ሸክላ ሰብሳቢ

እኔም አልበሙ አለኝ። ሰላሳ ዓመት ሰምቼዋለሁ። ባስ ጊታር ያለው ትክክል ነው፣ ግን መደምደሚያህ ወዴት ነው? እኔ ስሰማው የሚያጠናክረው የእኔን ክርክር ነው። ቦኖ ራሱ ከዚያ ስንኝ ካደገ፣ በ2014 ያን ስንኝ ከቀየሩት፣ የ1984ቱን ለምን በየዓመቱ እንሰማለን?

አንድ ነገር ልጨምር። ፈረንጆቹም ውስጥ ያኔውኑ የተቃወሙ ነበሩ። ቻምባዋምባ የተባሉ የሊድስ ልጆች በ1986 የመጀመሪያ አልበማቸውን አወጡ። ርዕሱ «የተራቡ ሕፃናት ሥዕል ሸክላ ያሸጣል» የሚል ነው። ለላይቭ ኤይድ የተሰጠ መልስ ነው። ድህነትን የፈጠረውን ሥርዓት ሳትነኩ መዝፈን ምን ዋጋ አለው ይላሉ። ታሪክ አንባቢ ያለውን ነው በጊታር ያሉት።

ታሪክ አንባቢ

አልበሙን አልሰማሁትም፣ እሰማዋለሁ። ግን ከሊድስ በፊት እኛም ዘንድ ነበረ። በ66ቱ ረሃብ ጥላሁን ገሠሠ «ዋይ ዋይ ሲሉ»ን ዘፍኗል። እሱ ውስጥ የተራበው ሰው ድምፅ አለው። በር ላይ ቆሞ ያለቅሳል፣ ይሰማል። በለንደኑ ዘፈን ውስጥ የተራበው ሰው አንድ ጊዜ እንኳ አይናገርም። ይጠየቅለታል እንጂ አይጠየቅም።

ስለዚህ የእኔ ድምፅ፦ ሬዲዮ ላይ አይከልከል። ክልከላ ከደርግ ጊዜ በቅቶኛል። ግን አዲስ ቅጂ ማውጣት ይቁም። የ1984ቱ የ1984 ሆኖ ይቅር።

የራያ ልጅ

ታሪክ አንባቢ «አይጠየቅም» ስላልክ፣ ትናንት ማታ ሄጄ ጠየቅኳት። እናቴን ማለቴ ነው።

ዘፈኑን በስልኬ ከፍቼ አሰማኋት። ሰምታው አታውቅም። አርባ ዓመት ሙሉ! «ምን ይላል?» አለች። ስንኝ በስንኝ ተረጎምኩላት። ወንዝ የለም የሚለው ላይ ዝም አለች። «በእነሱ ስለሆነ እግዚአብሔርን አመስግኑ» የሚለው ላይ ደግሞ «እውነቱን ነው፣ እኔም ቢሆን እንደዚያ ነበር የምለው» አለችኝ። ይህን አልጠበቅኩም። ሸክላ ሰብሳቢ፣ አንተን ያስቆጣህ ስንኝ እሷን አላስቆጣትም።

ርዕሱ ላይ ግን ቆመች። እናቴ ሙስሊም ናት፣ እስካሁን አልነገርኳችሁም። መጠለያው ውስጥ አጠገቧ የነበረችው ሴት ክርስቲያን ነበረች፣ ከላስታ የመጣች። የነቢያት ጾም ነበር። ያ ሁሉ ረሃብ እያለ ሴትዮዋ ጾሙ መቼ እንደሚፈታ ትጠይቅ ነበር። ታማ ስለነበር ቀን ይጠፋባታል። ቀኑን የምትቆጥርላት እናቴ ነበረች። በጠጠር። በየማለዳው አንድ ጠጠር ታስቀምጣለች። የገና ዕለት «ዛሬ ነው» ብላ ነገረቻት።

«እናውቅ ነበር በያቸው» አለችኝ።

የማንችስተሯ

ሴትዮዋስ?

የራያ ልጅ

እስከ ጥምቀት አልቆየችም።

እናቴን በመጨረሻ ጠየቅኳት። ይዘፈን ወይስ ይቅር? አልመለሰችልኝም። የዘፈኑትን ሰዎች ስም ጻፊልኝ አለች። ዱዓ ላደርግላቸው ነው ብላለች። ሸክላ ሰብሳቢ፣ አንተ ሸክላው አለህ፣ ሽፋኑ ላይ ስማቸው ይኖራል። ላክልኝ። ለሞቱት ሌላ ነው የሚባለው፣ ስለዚህ ማን በሕይወት እንዳለ ማን እንደሞተ ለይልኝ።

ሸክላ ሰብሳቢ

ሸክላውን አሁን አውጥቼዋለሁ። አንድ በአንድ እጽፍልሻለሁ። ጊዜ ይወስዳል፣ ብዙ ናቸው።

ከሞቱት ጆርጅ ማይክልን አስቀድሚ። የሞተው በ2016 ነው፣ ዲሴምበር 25። በእነሱ ገና ዕለት።