የሶኒ ኤ6400 የቪዲዮ ሞዶችን ጥራት በትክክል የሚያወዳድር ፈተና እንዴት ይሠራል?

ከአዘዞ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጎንደር ላይ ለጥምቀት ቀረጻ ከመውጣቴ በፊት የሶኒ ኤ6400 ካሜራዬን የቪዲዮ ሞዶች ጎን ለጎን ማየት ፈልጌ ነው። በፓል (በእኛ አገር በሚሠራበት የቪዲዮ ሥርዓት) 4ኬ በሰከንድ 25 ፍሬም፣ ከዚያ ፉል ኤችዲ በ25፣ በ50 እና በ100 ፍሬም አለው፤ እያንዳንዱም ሁለት ዓይነት ቢትሬት (በሰከንድ የሚመዘገብ የመረጃ መጠን) ያስመርጣል። የግንብ ግድግዳ ላይ አነጣጥሬ በየተራ ስቀርጽ 4ኬ ከፉል ኤችዲ መለየቱ ይታየኛል፤ የፉል ኤችዲው 50 ሜጋቢትና 16 ሜጋቢት ግን ቁርጥ አንድ ናቸው። ደንበኛ የሚረከበው ፉል ኤችዲ ከሆነ በ4ኬ መቅረጹ ምን ይጨምራል? ሌንሱ 16-50 ኪት ነው።

ባለትሪፖድ፦
ግድግዳ የሚፈትነው ዝርዝርን ብቻ ነው። ኮዴኩ (ቪዲዮውን የሚጨምቀው ሥልት) በአብዛኛው የሚመዘግበው ከአንዱ ፍሬም ወደ ቀጣዩ የተለወጠውን ስለሆነ፣ ለማይንቀሳቀስ ድንጋይ 16 ሜጋቢትም ይተርፈዋል። ስለዚህ ሁለት ለየብቻ የሆኑ ፈተናዎች ያስፈልጉሃል፤ አንዱ ለዝርዝር፣ ሌላው ለቢትሬት።

ለዝርዝሩ ከግንብ ይልቅ ስስ ነጠላ ከነጥለቱ ወጥረህ ስቀልና ሁለት ሜትር ርቀህ ትሪፖድ ትከል። ሌንሱን 35 ላይ አድርገው፣ አፐርቸር (የሌንሱ ቀዳዳ) 5.6፣ አይኤስኦ (የብርሃን ትብነት) 100፣ ፎከስ በእጅ፣ ዋይት ባላንስ 5500 ኬልቪን ላይ የተቆለፈ፣ ስቴዲሾት (መንቀጥቀጥ ማረጋጊያው) ጠፍቶ። ሸተሩን (እያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚቀበልበትን ጊዜ) ለሁሉም ሞድ 1/100 ሰከንድ አድርገው፤ 100 ፍሬም ከዚህ የዘገየ ሸተር ስለማይቀበል፣ ሁሉም እኩል ብርሃን የሚያገኙት በዚህ ብቻ ነው። የክሪኤቲቭ ስታይሉን (የካሜራውን የምስል ቅንብር) ሻርፕነስ ወደ -3 አውርደው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ካሜራው ጠርዝ ላይ የሚያሰምረውን ነጭ መስመር ዝርዝር አድርጎ ይቆጥረዋል። በእያንዳንዱ ሞድ አሥር ሰከንድ ቅረጽ።

አሁን ነጠላውን ተመልከት። በ4ኬ 25 ፍሬም ድሩና ማጉ ተለይቶ ይታያል። በፉል ኤችዲ ግን ሽመናው ላይ የሌለ ቀስተ ደመና መሳይ ማዕበል ይንሳፈፋል፣ የጥለቱ ሰያፍ መስመርም እንደ ደረጃ ይሰበራል። 100 ፍሬም ከሁሉም የደበዘዘ ነው። ምክንያቱ ካሜራው በ4ኬ 25 ፍሬም የሴንሰሩን ሙሉ ስፋት፣ ወደ 6ኬ የሚጠጋውን፣ አንብቦ ወደ 4ኬ ስለሚያሳንሰው ነው፤ ለ4ኬ ከሚያስፈልገው 2.4 እጥፍ መረጃ ይሰበስባል። በፉል ኤችዲ እንዲህ ያለ ንጹሕ ንባብ የለም። ለጥያቄህ መልሱም ይኸው ነው፦ 4ኬውን ኤዲት ላይ ወደ ፉል ኤችዲ ስታሳንሰው፣ ካሜራው ራሱ ከሚሰጥህ ፉል ኤችዲ በግልጽ ይበልጣል።

የሞድ ሥርዓቱን ከፓል ወደ ኤንቲኤስሲ (የአሜሪካው የቪዲዮ ሥርዓት) አትቀያይር። በኤንቲኤስሲ 4ኬ 30 ፍሬም ምስሉን ከአራቱም ጠርዝ ስለሚቆርጠው ፈተናው ይበላሻል። በሌላው ሥርዓት ፎርማት የተደረገ ካርድም እንደገና ፎርማት ይደረግ ይልሃልና፣ ፋይሉን ሳትገለብጥ እንዳትነካው።

ቀሃ ማዶ፦
የቢትሬቱን ፈተና እኔ ልጨምር። የፋሲል መዋኛ ለጥምቀት ከቀሃ ወንዝ እስኪሞላ ድረስ ደረቅ ስለሆነ ዋናውን ውሃ ቀድመህ አታገኘውም። ግን በግንቡ አጥር ላይ ሥራቸውን የዘረጉት ትልልቅ ዛፎች አሉልህ። ነፋስ ሲነሳ ፍሬሙን በቅጠል ሙላውና በ50 ሜጋቢትና በ16 ሜጋቢት ቅረጽ። ወይም ጓደኛህ ፀሐይ ፊት ለፊት ባልዲ ውሃ ወደ ላይ ይርጨው። የውሃው ፍንጣቂ በ50ው እንደ ዶቃ ተለይቶ ሲታይ፣ በ16ቱ ወደ ትንንሽ አራት ማዕዘን ይፈርስና ከጀርባው ያለው ድንጋይም አብሮ ይቀልጣል። ጥር 11 ጠበሉ ተባርኮ ወጣቱ ወደ ገንዳው ሲዘል ያለው ትዕይንት ለኮዴክ ከዚህም ይከፋል፤ ፍሬሙ በሙሉ በአንዴ ይለወጣል። ለዚያች ሰዓት 16 ሜጋቢትም ሆነ የድሮው የቀረጻ ፎርማት ኤቪሲኤችዲ አይታሰብም።

ፍርዱን በካሜራው ስክሪን ላይ አትስጥ። ኮምፒውተር ላይ በቪኤልሲ ማጫወቻ ክፈተው፣ በ«ኢ» ቁልፍ ፍሬም በፍሬም ሂድ፣ ሺፍትና «ኤስ» ስትጫን ፍሬሙን ፎቶ አድርጎ ያስቀምጥልሃል። ከእያንዳንዱ ሞድ እንቅስቃሴው የበረታበትን ፍሬም ያዝ። ፎቶዎቹን መቶ በመቶ አጉልተህ ጎን ለጎን አስቀምጥ፤ ስክሪኑ እንዲበቃው ብለህ ካሳነስካቸው ልዩነቱ ይጠፋል። በቴሌግራም እንደ ቪዲዮ የተላከ ናሙና አይቶ ማወዳደርም ከንቱ ነው፤ እንደገና ስለሚጨምቀው የምታየው የቴሌግራምን ሥራ ነው። እንደ ፋይል ይላክልህ።

ሜጋቢት፦
በዝርዝሩ እስማማለሁ፤ ከዚህ ተነስቶ «ሁሌም በ4ኬ ቅረጽ» ከተባለ ግን አልስማማም። ሒሳቡን እዩት፦ የ4ኬው ትልቁ ቢትሬት፣ በሰከንድ 100 ሜጋቢት፣ ማለት በደቂቃ 750 ሜጋባይት፣ በሰዓት 45 ጊጋ ነው። 64 ጊጋ ካርድ 80 ደቂቃ ገደማ ይይዛል፤ ካርዱም ዩ3 (የካርድ የፍጥነት ደረጃ) ካልሆነ በ100 ሜጋቢት አያስቀርጽም። ከጠዋት እስከ ማታ ለሚሄድ ሠርግ ፉል ኤችዲ 50 ፍሬም በ50 ሜጋቢት ግማሹን ቦታ ብቻ ይይዛል፣ እስክስታውንም ለስላሳ አድርጎ ይሰጣል። ሌላው የ4ኬ ድክመት ካሜራውን በፍጥነት ስታዞር የግንቡ ማማዎች ወደ ጎን መጋደላቸው ነው፤ በፉል ኤችዲ ይቀንሳል። ካሜራውን በእጅ ይዞ ታቦቱን እየተራመደ ለሚከተል ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

4ኬ ያለጥርጥር የሚያሸንፈው ቆመህ ሰፊውን ስትቀርጽ ነው። ከዚያው ፍሬም ውስጥ ድባቡን ብቻ ነጥለህ እስከ ሁለት እጥፍ ብታቀርበው ለፉል ኤችዲ ይበቃል።

ከአዘዞ፦
እናመሰግናለን። የከተራ ሌሊትስ? ጧፍና ኤልኢዲ መብራት ተቀላቅሎ ነው የሚኖረው።

ባለትሪፖድ፦
ሌሊት የፍሬሙ ብዛት ብርሃን ያስከፍልሃል። 25 ፍሬም በ1/50 ትቀርጻለህ። 50 ፍሬም 1/100 ስለሚፈልግ ብርሃኑ በግማሽ ይቀንሳል፣ 100 ፍሬም በ1/200 ደግሞ ወደ ሩብ ይወርዳል። ያንን በአይኤስኦ ስታካክሰው የጧፉ ዙሪያ በነጠብጣብ ይሞላል። ስለዚህ 4ኬ 25 ፍሬም፣ አይኤስኦ ከ3200 ባይበልጥ ይመረጣል። ኤዲት ላይ ስታሳንሰው ነጠብጣቡም አብሮ ይደቅቃል።

መብራታችን 50 ኸርዝ ስለሆነ ሸተሩ 1/50 ወይም 1/100 ይሁን። ስሎው ሞሽን የግድ ከሆነም በመብራት ሥር 100 ፍሬሙን በ1/100 ቅረጸው፤ በ1/200 ጥቁር ባንድ ይመላለሳል። መብራት ሄዶ ጄኔሬተር ሲነሳ ግን ኸርዙ ስለሚዋዥቅ በ1/50ም ባንዱ ሊመለስ ይችላል፤ ያኔ በባትሪ የሚሠራ የራስህን መብራት ተጠቀም፣ እሱንም አስቀድመህ በካሜራው ሞክረው፤ ሲደበዝዝ የሚርገበገብ ርካሽ ኤልኢዲ አለ።